ሲየናዋ ላይ የተደረበው 6,494 ዶላር፦ የትኛው ይነሳል?

ጥያቄ፦ «የአሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ነዋሪ ነኝ። ሦስት ልጆች ስላሉን አዲስ ቶዮታ ሲየና ሃይብሪድ ልንገዛ ዲለር ዘንድ ሄድን። መስኮቱ ላይ የተለጠፈው ዋጋ 43,600 ዶላር ነው። ከጎኑ ያለ ሌላ ወረቀት ላይ ግን 3,500 ዶላር ‹የገበያ ማስተካከያ› እና 1,995 ዶላር ‹የመከላከያ ጥቅል› ተጨምሯል። ወረቀት መሠራት ሲጀመር ደግሞ 999 ዶላር ‹ፕሮሰሲንግ› የሚባል መጣ። ሻጩ የአገራችን ልጅ ነው፤ ‹ሲየና የትም ብትሄድ እንዲህ ነው፣ እኔ ወርሃዊ ክፍያህን አስተካክልልሃለሁ› አለኝ። 500 ዶላር ቀብድ በክሬዲት ካርድ ከፍያለሁ። የትኛውን መክፈል ግዴታዬ ነው? አንዳንድ ቀን ኡበርም ልሠራባት አስቤያለሁ።»

ምላሽ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከዘረዘሯቸው ሦስት ክፍያዎች አንዱንም መንግሥት አልጣለውም። ሦስቱም ዲለሩ ጋ የሚቀሩ ናቸው፤ ዲለሩ ሦስቱንም እንዳይጠይቅዎት የሚከለክለው ሕግ ግን ቨርጂኒያ ውስጥ የለም። እርስዎም ያለ መግዛት ሙሉ መብት አለዎት። ስለዚህ ግዴታ ነው አይደለም ከማለት ይልቅ የትኛው በቀላሉ እንደሚነሳና የትኛው በቦታው ቆሞ ሌላ ነገር እንደሚቀነስለት ማወቁ ይጠቅማል። ለዓመታት ዲለር ቤት ውስጥ ከፋይናንስ ጠረጴዛው ወዲያኛው ወገን ተቀምጬ ሠርቻለሁና ከዚያ በኩል የሚታየውን ልንገርዎት።

መጀመሪያ ሁለቱን ወረቀቶች ይለዩ። አንደኛው የፋብሪካው ነው። በ1958 የወጣ የፌዴራል ሕግ ማንኛውም አዲስ መኪና ይህን ወረቀት ለጥፎ እንዲሸጥ ያስገድዳል፤ ሕጉን ባቀረቡት የኦክላሆማ ሴናተር በማይክ ሞንሮኒ ስም ወረቀቱ እስከ ዛሬ «ሞንሮኒ» ይባላል። የመኪናዋ መነሻ ዋጋ፣ ፋብሪካው የገጠማቸው ዕቃዎችና የማጓጓዣው ክፍያ እዚያ ላይ ተደምረዋል። ገዢው ሳይረከብ ወረቀቱን ማንሳት ያስቀጣል። ማጓጓዣውን ፋብሪካው ራሱ ከዲለሩ ስለሚሰበስበው በእሱ ላይ መከራከር ጊዜ ማባከን ነው፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚከፈለው። የግዢ ውሉ ላይ «ማጓጓዣ» ወይም «መኪናውን ለርክክብ ማዘጋጃ» ተብሎ እንደገና ብቅ ካለ ያሰርዙት። ላስቲኩን ልጦ፣ ፈትሾና አጥቦ ማስረከብ በፋብሪካው ዋጋ ውስጥ ተካትቷል።

ሁለተኛውን ወረቀት ያተመው ዲለሩ ነው። የፊደሉ ዓይነት፣ የወረቀቱ መጠንና የመስመሮቹ አሰላለፍ ከፋብሪካው ጋር እንዲመሳሰል ተደርጎ መሠራቱ በአጋጣሚ አይደለም። ገዢው ሁለቱን አያይዞ ሲያነብ ከታች ያለው ድምር ራሱ የመኪናዋ ዋጋ ይመስለዋል። ዋጋዋ ግን 43,600 ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ የዲለሩ ምኞት ነው።

አሁን ወደ 3,500ው። «የገበያ ማስተካከያ» የአገልግሎትም የዕቃም ክፍያ አይደለም፤ ንጹህ የዋጋ ጭማሪ ነው። የፋብሪካው ዋጋ በስሙም የሚጠቁመው «ይህን ያህል ቢሸጥ» የሚል ሐሳብ እንጂ ትእዛዝ አይደለም። ዲለሮች የቶዮታ ቅርንጫፎች ሳይሆኑ በፈቃድ የሚሠሩ የግል ነጋዴዎች ስለሆኑ ቶዮታ በዚህ ዋጋ ሽጡ ብሎ ሊያስገድዳቸው አይችልም። በ2021 እና በ2022 የቺፕ እጥረት ጊዜ መኪና ሲጠፋ ጭማሪው የሁሉም ሞዴል ልማድ ሆነ። አብዛኛው ሞዴል ላይ ከዚያ ወዲህ ሲነሳ፣ ፈላጊያቸው ብዙ በሆነ ሃይብሪዶች ላይ ግን እንደቆየ ቀርቷል። ሲየና ደግሞ በተለይ ትፈለጋለች፤ ሰባትና ስምንት ሰው ጭና በአንድ ጋሎን በአማካይ 36 ማይል የምትሄድ ሌላ የቤተሰብ መኪና እንደ ልብ አይገኝም። ነገር ግን «ሃይብሪድ ስለሆነች ነው የተወደደችው» ካሉዎት አይቀበሉ። ሲየና ከ2021 ሞዴል፣ ካምሪ ከ2025፣ ራቭ-4 ደግሞ ከ2026 ሞዴል ጀምሮ ሃይብሪድ ያልሆነ ዓይነት የላቸውም። ሃይብሪድነቷ በፋብሪካው ዋጋ ውስጥ ተከፍሎበታል።

ይህ ጭማሪ የሚነሳው በክርክር ብዛት አይደለም፤ ሌላ ዲለር ያለ ጭማሪ ሲሸጥ ነው። እሱን ከታች እመለስበታለሁ።

የመከላከያ ጥቅሉ ውስጥ ምን እንዳለ አልጻፉልኝም፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚደጋገሙ ዕቃዎች ናቸው፦ ጎማ ውስጥ የተሞላ ናይትሮጅን፣ መስታወት ላይ የተፈለፈለ የሻንሲ ቁጥር፣ የቀለምና የወንበር መከላከያ ቅባት፣ የበር ጠርዝ ላስቲክ፣ የጎማ ብሎን መቆለፊያ። የምንተነፍሰው አየር ራሱ 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ጎማዎን ማንም ነዳጅ ማደያ ቢሞላልዎት ናይትሮጅን ይዘው ይሄዳሉ። የወንበር ቅባት የሚሉት ከዕቃ መደብር ከሚገዛ መርጫ የተሻለ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት አቅርቦልኝ የሚያውቅ አቅራቢ የለም። የበር ጠርዙ ላስቲክ ይጠቅማል፣ ግን ርካሽ ነው። ከመላው ጥቅል ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው፣ ካለበት፣ ምናልባት የወለል ምንጣፉ ይሆናል፤ እሱንም ብዙ ጊዜ ፋብሪካው አስቀድሞ ሞንሮኒው ላይ አስከፍሎታል።

ሲጠይቋቸው የሚሰጡት መልስ ቋሚ ነው፦ «ተገጥሟል፣ አይነቀልም»። መልስዎ አጭር ይሁን፦ «ይነቀል አላልኩም፣ አልከፍልበትም»። ከዚህ የሚሻለው መንገድ ግን ገና ዲለሩ ግቢ ያልደረሰችን መኪና መጠየቅ ነው። ሲየና የምትገጣጠመው ኢንዲያና ውስጥ ፕሪንስተን ላይ ነው፤ ዲለሩ የተመደቡለትን መኪኖች ከነሻንሲ ቁጥራቸው መንገድ ላይ ሳሉ በኮምፒውተሩ ያያቸዋል። ያልደረሰች መኪና ላይ ቅባትም ናይትሮጅንም ሊገጠም አይችልም፤ «ሳይነካ እንዲመጣልኝ» ብለው በጽሑፍ ያስይዙ። ለአትላንታ፣ ለዳላስና ለሂውስተን አንባቢዎች በጎን አንድ ነገር ልጨምር፦ በደቡብ ምሥራቅ ግዛቶችና በቴክሳስ አካባቢ ቶዮታን የሚያከፋፍሉት የግል ኩባንያዎች ስለሆኑ፣ ዲለሩ ጋ ሳይደርስ አከፋፋዩ የገጠማቸው ዕቃዎች ዋናው ወረቀት ላይ ተደምረው ሊመጡ ይችላሉ። እዚያ ያላችሁ ሞንሮኒውን እስከ ታች ድረስ አንብቡ። እርስዎ ባሉበት አካባቢ የሚያከፋፍለው የግል ኩባንያ ሳይሆን ቶዮታ ራሱ ነው።

999ው የሰነድ ዝግጅት ክፍያ ነው። ቨርጂኒያ ጣሪያ አላበጀችለትም፤ ድልድዩን ተሻግረው ሜሪላንድ ሲገቡ ሕጉ ከ800 ዶላር በላይ አይፈቅድም፣ ኒውዮርክ ደግሞ 175 ዶላር ላይ ያቆመዋል። ያው ወረቀት፣ ያው ኮምፒውተር ነው። ዲለሩ ይህን ለሁሉም ገዢ እኩል አስከፍላለሁ ብሎ ስለሚሟገት መስመሩን ከውሉ ላይ ማሰረዝ ከባድ ነው፤ እኔም ሲሰረዝ እምብዛም አላየሁም። የሚደረገው የመኪናዋን ዋጋ በዚያው መጠን እንዲቀንሱ መጠየቅ ነው። እንደ ሲየና ባለች መኪና ላይ ሙሉውን ላይቀንሱልዎት ይችላሉ፤ ቢሆንም ሁለት ዲለሮችን ሲያወዳድሩ ይህን ክፍያ ሳይረሱ ይደምሩት። «በፋብሪካው ዋጋ ሸጥኩልዎ» ብሎ በ999 የሚመጣና 500 ዶላር አስበልጦ በ100 የሚመጣ ቢኖሩ፣ ርካሹ ሁለተኛው ነው።

ከእነዚህ ውጪ እውነተኛ የመንግሥት ክፍያዎች አሉ፤ እነሱን ሳይከራከሩ ይክፈሉ። የቨርጂኒያ የተሽከርካሪ ሽያጭ ግብር 4.15 በመቶ ነው። የባለቤትነት ማረጋገጫው፣ ታርጋውና ምዝገባው አለ። «የአውራ ጎዳና አጠቃቀም ክፍያ» የሚል መስመር ካዩም አይደንግጡ፤ ነዳጅ ቆጣቢ መኪኖች የነዳጅ ግብር አነስ አድርገው ስለሚከፍሉ ግዛቲቱ ከ2020 ጀምሮ የጣለችው ነው፣ ሃይብሪድዎንም ይመለከታል።

ሻጩ «ወርሃዊ ክፍያህን አስተካክልልሃለሁ» ያለዎት ከሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ ነው። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 3,500 እና 1,995 ሲደመሩ 5,495 ይሆናሉ። ግብሩ በዋጋው ላይ ስለሚሰላ 4.15 በመቶው፣ ማለትም 228 ዶላር፣ ይጨመርበታል፤ በአየርና በቅባት ላይ ግብር ከፈሉ ማለት ነው። 5,723 ዶላሩ በ6.5 በመቶ ወለድ ለ72 ወር ሲበደር በወር 96 ዶላር ያህል፣ በጠቅላላው ወደ 6,930 ዶላር ይሆናል። ሻጩ ይህን ቁጥር አይነግርዎትም። «በቀን ሦስት ዶላር ከምናምን» ይልዎታል፤ እውነቱንም ነው። ወይም 72 ወሩን 84 አድርጎ ክፍያውን ዝቅ ያደርግና አስተካከልኩልህ ይላል። ወርሃዊ ክፍያ ላይ ከተደራደሩ ዋጋ፣ ወለድ፣ የብድር ዘመንና የአሮጌ መኪናዎ ግምት አንድ ላይ ይቦካሉ፤ አንዱን ሲቀንሱልዎ ሌላውን ከፍ ያደርጋሉ። «በወር ስንት መክፈል ይችላሉ?» ሲባሉ «መጀመሪያ ጠቅላላ ዋጋውን እንጨርስ» ይበሉና ቁጥር አይስጡ።

ጠቅላላ ዋጋ ስል ግብሩ፣ ታርጋው፣ ሰነዱ፣ ሁሉም ተደምሮ ቁልፍ ተቀብለው የሚወጡበትን አንድ ቁጥር ማለቴ ነው። ይህን ቁጥር ዲለሩ ጋ ሄደው አይጠይቁ፤ ከቤትዎ ሆነው በኢሜይል ይጠይቁ። መርካቶ ውስጥ ለአንድ ጋቢ ግማሽ ቀን የሚከራከር ሰው እዚህ ሶፋ ላይ ቡና ሲቀርብለት ይሉኝታ ይይዘዋል፤ ኢሜይል ላይ ይሉኝታ የለም። እስከ ሪችመንድ፣ ባልቲሞርና ፔንሲልቬኒያ ድረስ ላሉ ዲለሮች አንድ ዓይነት አጭር መልእክት ይላኩ፦ የምፈልገው ይህን ዓይነት ሲየና፣ በእነዚህ ሁለት ሦስት ቀለሞች ነው፤ መንገድ ላይ ያለችም ትሁን፤ ከፋብሪካው ውጪ የተገጠመ ነገር አልፈልግም፤ ቨርጂኒያ ነው የማስመዘግበው፤ ጠቅላላ ዋጋውን በዝርዝር ላኩልኝ። ብዙዎቹ «መጥተው እንነጋገር» ብለው ይመልሳሉ፤ ይዝለሏቸው። ጥቂቶች ዝርዝር ይልካሉ። ያለ ማስተካከያ በፋብሪካው ዋጋ የሚሸጥ ካገኙ፣ ለሲየና ጥሩ ዋጋ ያ ነው። ከዚያ በታች ቅናሽ ካላገኘሁ ብለው ወራት አይጠብቁ። ደግሞ ደላዌር ግብር ስለሌለ እዚያ እገዛለሁ የሚል ብዙ ሰው አጋጥሞኛል፤ የመኪና ግብር የሚከፈለው በሚመዘገብበት ግዛት ስለሆነ ከደላዌር ገዝተው ቨርጂኒያ ሲያስመዘግቡ 4.15 በመቶው ይጠብቅዎታል። ወደ ደላዌር የሚኬደው ዲለሩ ጥሩ ዋጋ ከሰጠ ብቻ ነው።

ለመኪናዋ ከዋጋዋ በላይ መክፈል ፈጽሞ ስህተት ነው አልልም። ያለዎት መኪና ሞቶ የቀን ገቢ ቆሞብዎ ከሆነ 1,000 ዶላር ጨምሮ ዛሬ መውሰድ ሊያዋጣ ይችላል። ግን መኪናዋ በአደጋ ከጥቅም ውጪ ብትሆን ኢንሹራንሱ የሚከፍለው የገበያ ግምቷን እንጂ የጨመሩትን 3,500 አይደለም። ብድሩ ግን እንዳለ ይቆያል።

ዋጋው ከተስማማ በኋላ ወደ ጠባቧ የፋይናንስ ቢሮ ይጠራሉ። ያን ጊዜ ደክሞዎታል፣ ልጆቹም ርቧቸዋል፤ እኛም ይህን እናውቅ ነበር። ስክሪኑ ላይ ሦስት ዓምዶች ይቀርቡልዎታል። በግራ ያለው ሙሉው ጥቅል ነው፦ የተራዘመ ዋስትና፣ የብድር ክፍተት መድን (ኢንሹራንሱ ከከፈለው በላይ የሚቀረውን ብድር የሚሸፍን)፣ የጎማና የቸርኬ ጥበቃ፣ የጥገና ውል። መካከለኛው ትንሽ ይቀንሳል። በቀኝ ያለው «መነሻ» ተብሎ ይጠራል፤ እሱም ውስጥ ቢያንስ አንድ የሚሸጥ ነገር አለ። ምንም ያልተጨመረበት ክፍያ ከገጹ ግርጌ በትንሽ ፊደል ይቀመጣል፣ ወይም ካልጠየቁ አይታይም። የፋይናንስ ኃላፊው ብዕሩን መካከለኛው ላይ አሳርፎ «ብዙ ሰው የሚመርጠው ይህንን ነው» ይላል። ግርጌዋን ይፈልጉ፣ እሷ ላይ ይፈርሙ። «ባንኩ ዋስትና ካልገዙ ብድሩን አያጸድቅም» ካሉዎት ያንኑ ቃል በጽሑፍ እንዲሰጡዎት ይጠይቁ። በ1968ቱ የብድር ግልጽነት ሕግ መሠረት ለብድሩ ግዴታ የሆነ እንዲህ ያለ ወጪ በብድሩ ዓመታዊ የወለድ መጠን (APR) ውስጥ መቆጠር አለበት፤ ስለዚህ በጽሑፍ ሲጠየቅ ነገሩ ወዲያው «ግዴታ እንኳን አይደለም» ይሆናል።

እዚያው ቢሮ ውስጥ የማይታይ ሌላ ጭማሪ አለ፤ ወለዱ። ባንኩ ለዲለሩ በ6.5 በመቶ ያጸደቀውን ዲለሩ ለእርስዎ በ8.5 ሊያቀርብና ልዩነቱን ሊካፈል ይችላል። 38,000 ዶላር ለ72 ወር ቢበደሩ ይህ ልዩነት በወር 37 ዶላር ያህል፣ በጠቅላላው ወደ 2,650 ዶላር ነው፤ ከሰነድ ዝግጅቱ ሁለት እጥፍ ተኩል ይበልጣል፣ ማንም ግን አይከራከርበትም። ከመሄድዎ በፊት ከአንድ ወይም ከሁለት ክሬዲት ዩኒየን የጸደቀ ብድር ይዘው ይሂዱ። በ14 ቀን ውስጥ የተደረጉ የመኪና ብድር ጥያቄዎች በክሬዲት ነጥብዎ ላይ እንደ አንድ ስለሚቆጠሩ አይፍሩ። ዲለሩ ከያዙት ወለድ ዝቅ ካለ ይቀበሉት።

ስለ ኡበሩ። ቶዮታ ከ2020 ሞዴል ጀምሮ ለሃይብሪድ ባትሪው 10 ዓመት ወይም 150,000 ማይል፣ ለሌሎቹ የሃይብሪድ ክፍሎች 8 ዓመት ወይም 100,000 ማይል ዋስትና ይሰጣል። ስለዚህ «ባትሪው ከተበላሸ ይህን ያህል ሺህ ያስወጣዎታል» እያሉ የሚሸጡልዎትን ተጨማሪ ዋስትና አይግዙ። ለሌሎቹ ክፍሎች የተራዘመ ዋስትና ከፈለጉም የዚያን ዕለት መግዛት አይጠበቅብዎትም፤ የ3 ዓመት ወይም የ36,000 ማይሉ መሠረታዊ ዋስትና ሳያልቅ ከሌላ የቶዮታ ዲለር ዋጋ አወዳድረው መግዛት ይችላሉ። በዚያን ጊዜም «ለንግድ ሥራ የዋለ መኪና» የሚለውን አንቀጽ ይፈልጉ። ብዙ የዋስትና ውሎች ሰው በክፍያ የሚያመላልስ መኪናን አይሸፍኑም፤ ይህን ሳያነቡ የገዙ ሾፌሮች የሚያውቁት ሞተሩ ከተከፈተ በኋላ ነው። የመኪና ኢንሹራንስዎም ኡበር እንደሚሠሩባት መንገር ያስፈልገዋል።

ሻጩ «ሃይብሪድ የፌዴራል የግብር ተመላሽ አለው» ካለዎት የለውም። በቤት ሶኬት የማይሞላ ሃይብሪድ በ2022ቱ ሕግ መሠረት ኖሮትም አያውቅም፤ ለኤሌክትሪክ መኪኖች የነበረውም መስከረም 30 ቀን 2025 አብቅቷል። ያለው ሌላ ነው፦ ከ2025 እስከ 2028 የመጨረሻ መገጣጠሚያው አሜሪካ ውስጥ ለሆነ አዲስ መኪና የተከፈለ የብድር ወለድ በዓመት እስከ 10,000 ዶላር ድረስ ከሚታሰብ ገቢ ይቀነሳል። መኪናዋ በዋናነት ለግል ጥቅም የተገዛች መሆን አለባት፤ የገቢ ጣሪያም አለው፣ ለባለትዳሮች ከ200,000 ዶላር ጀምሮ እየቀነሰ ይሄዳል። ሲየናዋ አሜሪካ ስለምትገጣጠም ትገባለች። ፕሪየስ ከጃፓን ስለሚመጣ አይገባም። ኡበሩ ከቤተሰቡ ጉዞ እንዳይበልጥ ግን ያስቡበት።

«ሕግ አይከላከልልኝም ወይ?» ካሉም፣ ሊከላከልልዎ ሞክሮ ነበር። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2023 መጨረሻ ላይ ዲለሮች ሙሉ ዋጋቸውን አስቀድመው እንዲናገሩና ለገዢው ጥቅም የማይሰጡ ተጨማሪዎችን እንዳይሸጡ የሚያዝ ደንብ አወጣ፤ ተራ አየር ከያዘው የማይበልጥ ናይትሮጅን በምሳሌነት ተጠቅሶበት ነበር። ዲለሮቹ ከሰሱ፣ ደንቡ ሥራ ላይ ሳይውል ታገደ፣ በጥር 2025 የአምስተኛው ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት ሻረው። ደግሞም ዲለሩ ግቢ ውስጥ ከፈረሙ በኋላ በሦስት ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል የሚባለው እውነት አይደለም።

የአገራችን ልጅ የሆነውን ሻጭ አይቀየሙት። ማስተካከያውን የለጠፈው እሱ አይደለም፣ ማንሳትም አይችልም፤ የእሱ የሽያጭ ኮሚሽን ግን ብዙ ጊዜ ከመኪናዋ ትርፍ ላይ ይሰላል። ስለዚህ ጥያቄዎን ለእሱ ሳይሆን በእሱ በኩል ለሽያጭ ኃላፊው ያቅርቡ፦ «ሌላ ዲለር ይህን ያህል ጠቅላላ ዋጋ ጽፎልኛል፤ አለቃህ ካስተካከለ ከአንተ እገዛለሁ»። እሱም ሽያጩን አያጣም፣ እርስዎም አላሳፈሩትም።

ቀብዱን በተመለከተ፣ ነገ ጠዋት ደረሰኙን ያውጡና «ተመላሽ ይሆናል» የሚል ቃል እንዳለው ይመልከቱ። ካለው ችግር የለም። ዝም ካለ ወዲያውኑ በኢሜይል «500 ዶላሩ መኪናዋን ለማቆየት ብቻ የተሰጠ፣ ካልተስማማን የሚመለስ መሆኑን አረጋግጡልኝ» ብለው ይጻፉ፣ መልሱንም ያስቀምጡ። «አይመለስም» የሚል ቃል ካለና ፈርመው ከሆነ ግን ፊርማዎ ከየትኛው ወረቀት ላይ እንዳለ ማየት አለብኝ፤ ስምና ቁጥሮቹን ሸፍነው የሁለተኛውን ወረቀትና የደረሰኙን ፎቶ ይላኩልኝ። እስከዚያ ሌላ ወረቀት አይፈርሙ፤ «መኪናዋን ዛሬ ይውሰዷት፣ ብድሩ በኋላ ይጸድቃል» ቢሉዎትም ብድሩ ሳይጸድቅ ቁልፍ አይቀበሉ።